ከፎቶህ ስር የነበረው ቁልፍ

ይድረስ ለአባየ፣

እኔ እንጉዳይ ነኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። የሰቆጣ ሰማይ ከሰዓት ከሰዓት ይጠቁራል፤ ግን እስካሁን አልዘነበም። እማየ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔ አንተ እያለህም ብዙ አልናገርም ነበር፤ አሁን ደግሞ ብሶብኛል። ለሰው የማልነግረው ነገር ስላለኝ ላንተ ልጻፍ ብዬ ነው።

ወንድሜ ዝናቡ ከሳውዲ ተመልሷል። ለቀብርህ አለመድረሱ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላው፣ እንደመጣ የአባቴን ሥራ ልያዝ ብሎ መኪና ገዛ። ያንተን አይሱዙ ዓይነት እንዳትመስልህ። ቁልፏ አይገባም፣ አይዞርም። ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲጠጋት ጢጥ ብላ ትከፈታለች፤ ጣቱን ሲያሳርፍባት ትነሳለች። ጎረቤቶች «ውሻ ናት እንዴ፣ ጌታዋን በጠረኑ የምታውቅ!» እያሉ ሳቁ። እማየ ብቻ አልሳቀችም። «ራሱን የሚከፍት በር ማን ዘጋው ይባላል?» አለች።

አንተ መኪና ስታቆም ከጎማው ስር ታኮ ታስገባለህ፣ ኮፈኖውን ከፍተህ አንዱን የባትሪ ገመድ ትፈታና ይዘህ ትገባለህ። ገመዱን ያቺ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጥለህ ክዳኗን ስትገጥም የሚሰማው ድምፅ፣ ለእኔ ቀኑ አለቀ ማለት ነበር። አንድ ጊዜ ከደሃና ስንመለስ ገመዱን አሲዘኸኝ «ይኸ በእጅሽ እያለ መኪናዋ የትም አትሄድም» ያልከኝን ታስታውሳለህ? ቅባቱ ቀሚሴን አበላሸው፤ እማየም ሁለታችንንም ተቆጣችን።

የዝናቡን ቁልፍ እማየ ከፎቶህ ስር ካለው ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው። አባቱ ይጠብቀው ብላ ነው። ፎቶህ የተሰቀለው በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ መኪናዋም የምትቆመው ከግድግዳው ማዶ ነበር። ይኼ ማንን ያሳስበዋል?

አንድ እሑድ እማየና ዝናቡ ቅዳሴ ሄደው እኔ ቤት ቀርቼ ነበር። ግድግዳውን በውጭ በኩል የሆነ ነገር ሲታከከው ሰማሁ። ፍየል መሰለኝ። በመስኮት ሳይ፣ የማላውቀው ሰው ቦርሳ ደረቱ ላይ ታቅፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወዲያው መኪናዋ ጢጥ አለች፤ ልክ ለዝናቡ እንደምትለው። ደስ ብሏት ነበር የሚመስለው። ሌላ ሰው ገብቶ አስነሳት፣ ባለቦርሳውም ዘሎ ገባ፣ ሄዱ። ዞር ስል ቁልፉ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ የደረሰልን ሙላት ነው። ረዳትህ የነበረው፣ ታኮ ማስገባት ያስተማርከው፣ አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ። አሁን ጋራዥ ይሠራል። ከፎቶህ ስር ተቀምጦ አስረዳን። ቁልፉ ማንም ሳይነካውም እንደ ሬዲዮ የማይታይ ሞገድ ይተነፍሳል አሉ፤ ቦርሳው ውስጥ ያለው መሣሪያ ያንን ትንፋሽ ተቀብሎ ለመኪናዋ ያደርስላታል። ቆርቆሮ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ትንፋሹ አይወጣም ነበር። «አንዴ ካጠፏት ግን ያለዚህ ቁልፍ አትነሳላቸውም፤ ደህና አድርጋችሁ ያዙት» አለን። ጣሳህ መደርደሪያው ላይ ባዶዋን ተቀምጣ ነበር፣ አባየ።

በሳምንቱ ለዝናቡ ስልክ ተደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እኔም ሰማሁት። «ወንድሜ፣ መኪናህ ደህና ናት። በኒሯቅ መንገድ ቁልቁለቱ ሲያልቅ እንጠብቅሃለን። ያንን ከአባትህ ፎቶ ስር ያለውን ቁልፍ ይዘህ ብቻህን ና።»

ዝናቡ የሰማው መኪናዋ ደህና መሆኗን ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላውን ነው። ቁልፉ የት እንደሚሰቀል የሚያውቅ ቤታችን ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚያ መንገድ ወርደው ያልተመለሱ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። እማየ እንዳይሄድ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ነገ እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ።

እሱ እንደወጣ ቁልፉን አወረድኩት። ጣሳህ ውስጥ ከትቼ ክዳኗን ገጠምኩ። ያ ድምፅ ሲሰማ አንተ የገባህ መስሎኝ በሩን አየሁ። ከዚያ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ አንተ ይዣት መጣሁ፤ ከራስጌህ ካለው ድንጋይ ስር ቀበርኳት። አፈሩን ስጭር ሰምተኸኝ ይሆናል።

ዝናቡ ቤቱን ገለበጠው። የገብሱን ጆንያ ሳይቀር ዘረገፈ። «እንጉዳይ፣ አይተሻል?» ሲለኝ «አላየሁም» አልኩት። እኔ አንገቴን ስደፋ የሚገረም የለም። «ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» ብሎ ተወኝ። ሳይሄድ ቀረ። ከእማየ ጋር ግን አይነጋገሩም፤ እሷ የደበቀችው መስሎታል። እሷም አይደለሁም አላለችም።

ትናንት ሙላት ሊያጽናናን መጣ። ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ ቤቶች!» ሳይል አይገባም። ትናንት ግን ከሰላምታው በፊት ዓይኑ ሚስማሩ ላይ አረፈ። ባዶ ነው። ዓይኑ ከሚስማሩ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ገመዱን ጠዋት ጠዋት ከጣሳዋ አውጥቶ ይሰጥህ የነበረው እሱ ስለሆነ ያቺን ጣሳ ከእኔ በላይ ያውቃታል። ከዚያ እኔን አየኝና ፈገግ ብሎ፣ «እንጉዳይዬ፣ የጋሼ ጣሳስ የት ሄደች?» አለኝ።

እሱ ነው አልልም። እጅህ ላይ ያደገ ሰው ነው። ለዝናቡ ብነግረው ደግሞ የሚሆነውን ታውቃለህ፤ ጠመንጃህ አሁንም ከአልጋው ስር ነው። ስለዚህ ላንተ ብቻ ነገርኩህ።

አልረሳህም፣ አባየ። እሑድ እሑድ እመጣለሁ። ስመጣ ግን መስቀሉ ላይ ያለውን ስምህን ብቻ እንጂ ድንጋዩን አላየውም፤ ከኋላዬ ማን እንደሚከተለኝ አላውቅምና። ከእኔ ሌላ ሰው ከራስጌህ መጥቶ ቢንበረከክ፣ የምታውቀው፣ እንደ ልጅህ የምትወደውም ቢሆን፣ የጣሳዋን ክዳን አጥብቀህ ያዝልኝ።

ልጅህ እንጉዳይ