«አላውቅም» የሚሉትን መስመሮች ይመልሱልን

ለተከበሩ ኢንጂነር ታዬ
የመረዳጃ ማኅበራችን የቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጆሃንስበርግ

መብራት ሄዶ ሲመለስ «ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነገር ደህና ይሆን?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው በዚህ ከተማ ይገኛል? እርስዎ ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ብዙ ጊዜ እንደሆነዎት ስለምገምት፣ ሰላምታዬ ይቅደም። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? ግቢዎ ውስጥ ያለው ጄኔሬተርስ ደህና ነው? ይህ ክፉ በሽታ ከደጅዎ ይራቅ፤ ማስክዎም ከአፍንጫዎ አይውረድ።

እኔ ፊቤ ማናሴ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሁት፣ ጋዋን ለብሼ ሳሎናችን ውስጥ ላፕቶፕ ፊት የቆምሁት፣ እርስዎም በጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ጉጉዋ ልጃችን» ብለው ያስተዋወቁኝ። ስለ ማስተዋወቁ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በውስጥ የላክሁልዎትን ሁሉ ማንበብዎን ምልክቱ ነግሮኛል፣ መልሱ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።

ለማያውቁ አባላት ነገሩን ላስረዳ። ሮዘተንቪል ባለው የማኅበሩ ክፍል አንድ አሮጌ ፍሪጅ አለ። ሂልብሮው ውስጥ አንዲት ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ፣ የራሳቸው ፍሪጅ የሌላቸው የስኳር ሕመምተኞቻችን ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው፤ ኃላፊዋም ነርሳችን ሲስተር ሸፊቃ ናቸው። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ይባስ ብሎ አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥና ደህና ቢመስልም መድኃኒትነቱ አብቅቷል። ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ተተክሎ ከማኅበሩ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል፤ ቁጥሩ በማኅበሩ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ሲስተርም ሰዓት እላፊ ቤት ሲያስቀራቸው በስልካቸው ይከታተሉታል።

ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኮሚቴዎ በሚያዝያ ወር ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሲስተም ከሊኑክስ ወደ ፍሪቢኤስዲ ያዛወረበትን ቆራጥነት አደንቃለሁ። አልቀለድሁም፤ ሲስተሙ ጥሩ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን መሣሪያን ከሲስተም ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ለዚያ ቴርሞሜትር የተጻፈው ለሊኑክስ ብቻ እንደሆነ የጠየቀ ስላልነበረ፣ ቴርሞሜትሩ በዝውውሩ ማግስት ዲዳ ሆነ። ድራይቨሩን ወደ አዲሱ ሲስተም ላዛውር ብዬ የተነሣሁት በፈቃዴ ነው። ሁለቱ ሲስተሞች የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ሰውን የሚያሳስተውም መመሳሰላቸው ነው። እዚህ ጣታችንን ወደ ላይ ቀስረን ታክሲ ስናስቆም «ታውን»፣ ወደ መሀል ከተማ፣ ማለታችን ነው፤ በሌላ ከተማ በዚያው ጣት ቢቀስሩ ግን ታክሲው አቧራውን ሰጥቶዎት ሊያልፍ ይችላል። ድራይቨር ማዛወር እያንዳንዷን የጣት ምልክት እንደገና መማር ነው። ስንት ጊዜ ኮምፒውተሩ በእጄ ላይ ቀጥ ብሎ እንደቀረ አልነግርዎትም። ቴርሞሜትሩ በመጨረሻ አፉን ፈትቶ «አራት ነጥብ ስምንት» ሲል እልልታዬን የሰማ ጎረቤታችን የመኖሪያ ወረቀት የወጣልኝ መስሎት እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል።

ሁለተኛ፤ መብራት ሲሄድ ፍሪጁና ቴርሞሜትሩ አብረው ይጠፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ባትሪ ስላለው ይቀጥላል። በድሮው ሲስተም ቴርሞሜትሩ ሲጠፋ ቁጥሩም ከገጹ ይጠፋ ነበር። በአዲሱ ላይ ግን፣ ካልከለከሉት በቀር፣ የመጨረሻው ቁጥር እንደተሰቀለ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት መስመሮች ጨመርሁ፤ ቴርሞሜትሩ መልስ ካልሰጠ ገጹ «ሙቀቱ አይታወቅም» እንዲል፣ የሲስተርም ስልክ እንዲጮህ፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ቴርሞሜትሩ እንደ አዲስ ተቀስቅሶ እስኪናገር ድረስ ምንም ቁጥር እንዳይወጣ። መብራትን በፈረቃ የሚያጠፋውን ሎድሼዲንግ የማያውቅ ሰው እነዚህን መስመሮች መጻፍ ትዝ አይለውም፤ እኛ ግን የመብራቱን ፕሮግራም ከልደታችን ቀን በላይ በቃላችን እናውቃለን።

እርስዎ መስመሮቹ እንዲወጡ አዘዙ። በስብሰባው ላይ የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል፦ «አላውቅም የሚል መሣሪያ ለጋሾች ፊት ያዋርደናል። የመጨረሻውን ቁጥር ያሳይ፤ ሪፖርቱ ቀዳዳ አይኑረው።» ይህ አደጋ አለው ብዬ ስነሣ ክረምት መሆኑን አስታውሰው ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ነው አሉ፤ ሰውም ሳቀ። ሪፖርቱ በእውነት አምሯል። አንዳች መነቃነቅ የሌለበት ቀጥ ያለ መስመር ነው። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሲስተርን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ ጋሽ ሽጉጤን ያውቋቸዋል፤ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያላቸው፣ ለማኅበሩ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸከሙት ሰው ናቸው። ኢንሱሊናቸውን ከእኛ ፍሪጅ እየወሰዱ በሰዓቱ ይወጋሉ፤ ስኳራቸው ግን እየወጣ እንጂ እየወረደ አልሄደም። ሲስተር ገጹን አዩ፤ አምስት ነጥብ ሁለት። መድኃኒቱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰውየው ነው ብለው፣ ከመደርደሪያዎ ለስላሳ እየሰረቁ ይጠጣሉ ብለው ተቆጧቸው። ጋሽ ሽጉጤ የመለሱት ይህን ብቻ ነበር፦ «ሲስተር፣ ኮካውን እሸጠዋለሁ እንጂ አልጠጣውም። ማሽኑን ታምኛለሽ፣ እኔን ግን አታምኚኝም።»

ማክሰኞ ዕለት ሱቃቸው ውስጥ ወደቁ። አንዲት ደንበኛቸው ናቸው በሰው መኪና ሆስፒታል ያደረሷቸው። አልጋው ሁሉ በኮቪድ ተይዞ ስለነበር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ኢንሱሊን፣ ያውም በረዶ ያልነካው ኢንሱሊን፣ የተሰጣቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ሲስተር ደንግጠው ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እስከ ጀርባው ድረስ አወጡት። ከመድኃኒቱ ሳጥን ኋላ የረሷት ውሃ የሞላባት የላስቲክ ጠርሙስ ነበረች፤ ቂጧ አብጦ ጠረጴዛ ላይ አልቆም አለች። ውሃው ቀልጧል፤ ላስቲኩ ግን የሆነውን አልረሳም። አሮጌው ፍሪጅ ሌሊት መብራት ሲመለስለት ማቆሚያውን ስቶ በረዶ ሲሠራ አድሮ ሊነጋ ሲል ይለቃል፤ ገጹ ደግሞ ጠዋት ሲስተር መጥተው ኮምፒውተሩን አጥፍተው እስኪያበሩት ድረስ ከመብራቱ በፊት ያያትን አምስት ነጥብ ሁለት ይዞ ይጠብቃል። የእውነት ሙቀት እንደ ሰው ትንፋሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ቁጥር ግን ሌሊቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ላስቲኳን ይዘው ቁጭ አሉና፣ ሰውየውን ውሸታም አልሁት ብለው አለቀሱ። እርስዎን ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ትዕግሥታቸው ከእኔ ይበልጣል።

አራተኛ፤ መስመሮቹ እንዲመለሱ ትናንት ብጠይቅ፣ ልምድ ያለው ሰው እስኪያየው ይቆይ የሚል ቃል በጸሐፊው በኩል ደረሰኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ መስመሮቹ ሲወጡም እንዲሁ ተጠንቅቀው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቃል ባላባከንሁ። የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አሁን ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው።

የተበላሸው ኢንሱሊን ተጥሏል፤ አዲሱ ቅዳሜ ይገባል። ሎድሼዲንጉም ሳምንቱን ሙሉ እንደሚቀጥል ተነግሯል። ከቅዳሜ በፊት የይለፍ ቃሉን ለሲስተር ይስጡልኝ፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በግሩፑ ውስጥ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞችም፣ ጄፕ ሰፈር አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ሱቅና መድኃኒቱን የሚያስጠጋ ፍሪጅ ያላችሁ እዚሁ ጻፉልን፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅም ካለ ኮዴን ይመርምርልኝ፣ ስሕተት ቢያገኝ አልከፋም። እርስዎም፣ ጋሽ ታዬ፣ ይመልሱልኝ። «አላውቅም» የሚል መልስ ቢሆንም በደስታ እቀበላለሁ፤ ቴርሞሜትሩን የከለከሉትን ቃል ከእርስዎ አንደበት መስማት ለእኔ ትልቅ ክብር ነው።

ሪፖርትዎ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲኖር፣ ልብዎ ግን እንደ ሰው ልብ ከፍ ዝቅ እያለ ዕድሜ እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣ አክባሪዎና ጉጉዋ ልጅዎ፣

ፊቤ ማናሴ
ሐሙስ፣ ሰኔ 2013 ዓ.ም.
ሮዘተንቪል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሜን ጽፌ ሳልጨርስ የሰፈራችን መብራት ሄደ። ጋሽ ሽጉጤ ከሆስፒታል ደውለው ፍሪጁ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ፤ በስልኬ ገጹን ከፍቼ፣ ጠፍቷል፣ ቴርሞሜትሩም ጠፍቷል፣ ግን አምስት ነጥብ ሁለት ይላል አልኋቸው። ሳቁ። «እንግዲያው ሪፖርቱ ላይ እኔም ደህና ነኝ» አሉ።