ራሱን የሚኮረኩር ሰው

ወሬኛዋ ጓደኛዬ፣ ይህቺ ፖስት ካርድ ጠባብ ናትና የዛሬውን ብቻ ላጫውትሽ። ታላቅ ወንድሜ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰ ታውቂያለሽ። እዚህ ማገገሚያ ካመጣሁትም በኋላ የንግግር ሐኪሟ «እስቲ አ በል» ስትለው ፊቱን ያዞርባት ነበር።

እኛ ሰፈር ክሊኒክ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ በሽታውን ነው የሚተርከው፤ እዚህ ተራ መጠበቂያ ክፍል ግን የማይሆን ጥያቄ ይጠያየቃሉ። ዛሬ አንዲት ክንዷ የተሰበረ የአውቶቡስ ሹፌር «ሰው ራሱን ሲኮረኩር ለምንድነው የማይስቀው?» አለች።

«ማነው አይስቅም ያለው?» ብለው አንድ አዛውንት ብብታቸውን መኮርኮር ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው «ኧረ እውነቷን ነው!» ሲሉ፣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። የፅዳት ሠራተኛዋ እንኳ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ሞከረች። ዘወር ስል ወንድሜም ደህናውን እጁን ከኮቱ ሥር ሰዷል። ቀና ብሎ አየኝና «እምቢ… አለ» አለኝ።

ሳቄና እንባዬ ተደባለቁ። ሹፌሯ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ ወንድሜ፣ ነገ የባሰ ጥያቄ አመጣልሃለሁ» ስትለው እሱም ሳቀ። ሐኪሟም በሩ ላይ ቆማ ሰምታው ኖሮ «በቃ፣ ከዚሁ እንቀጥላለን» አለች።

ቦታው አለቀብኝ፤ ፊደሌን አሳንሻለሁ። አንቺ ጉድ የሆነ ጥያቄ አታጪምና ቶሎ ላኪልን። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ የምጽፈውን ያያል። ለማን እንደሆነ ስነግረው ከምላሱ ጋር ትንሽ ታገለና «ሰላም… በያት» አለ። ይኸው፣ በገዛ አፉ ሰላም ብሎሻል።