የወፍጮ ማዶ ሰማንያ አራት ሰዎች

ሰኞ፣ ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ

እትዬ ዘነበች ጠዋት ደረጃው ላይ ያዙኝና፣ እኔ ሥራ ረፍዶብኝ እየሮጥኩ፣ «ወፍጮው የተቃጠለው አንዴ ነው ሁለቴ?» አሉኝ። ሁለቴ አልኳቸው። ጣታቸውን አጥፈው እየቆጠሩ ገቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ሳቅ ይኸው መጣ ብዬ ነበር። አልመጣም።

ለራሴም ቢሆን በትክክል ልጻፈው። እትዬ ዘነበች ከኛ ሥር ያለው አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓርብ የዜግነት ኢንተርቪው አላቸው። ስላረጁና እዚህ አገር ብዙ ስለቆዩ ሃያ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያጠኑት፣ ያውም በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ። ከሃያው አስሩን ይጠይቋቸዋል፤ ስድስት ከመለሱ አለፉ። እማዬ «ሃይስኩል አልጨርስ አልክ፣ እስቲ ሰው አስጨርስ» ብላ እንዳስጠናቸው ላከችኝ። ሃያውን በትልልቅ ፊደል በካርድ በካርድ ጻፍኩ። ከዚያ እጄን በላኝ። የፈተናው ናቸው ብዬ ስምንት ከራሴ ጨመርኩ።

ስምንቱ ስለ አንዲት መንደር ናቸው። ባለፈው መኸር ከጓደኛዬ ጋር ያገለገለ ፍሪጅ ልንጭን ወደ ተራራው ስንሄድ ጎማ የፈነዳብን ቦታ ናት። መንገዱ ዳር ታሪኳ የተጻፈበት፣ የቆርቋሪዋ ፎቶ የተለጠፈበት የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። ተጎታች እስኪመጣ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ አምስት ጊዜ አነበብኩት፣ ፎቶም አነሳሁት። የፈረንጅ ስሟ ለእትዬ አፍ አይመችም፤ «ወፍጮ ማዶ» ብዬ ተረጎምኩላቸው።

የት ናት? በሁለት ተራራ መሃል፣ ወንዝ ዳር።
ማን ቆረቆራት? አንድ ጢማም ባለወፍጮ።
ባቡሩስ? መጣ፣ እንጨት ጫነ፣ ጫካው ሲያልቅ ቀረ።
ትምህርት ቤቷ? ልጅ ስለጠፋ ተዘጋ።
ሕዝቧ? ሰማንያ አራት።

የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ ናቸው። ሃያዎቹን ይረሷቸዋል። እነዚህን አንዱንም አልሳቱ።

ማክሰኞ

ነገሩ ከእጄ ወጣ። ጋሽ ደምሴ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ እትዬ ቤት ሻይ ሊጠጡ ገብተው ካርዶቹን አገላበጡ። እሳቸው ዜግነት ከወሰዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

«ይሄ የምን መንደር ነው? እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ።

እትዬ መች የዋዛ ናቸው። «ያንተ ጊዜ ቀላል ነበር። አሁን ጠንክሯል። ልጁ ከኮምፒውተር ነው ያወጣው።»

እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ስልኬ ውስጥ ገብቼ ጠፋሁ።

ጋሽ ደምሴ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ፈገግታዬን አዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጡም። «ልጇን ለማምጣት ነው የምትፈተነው፣ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ልጃቸው ስምረት ያለችው ደሴ ከተማ ነው፤ አግብታለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ላገባች ልጁ ማመልከት አይችልም፣ ዜጋ መሆን አለበት። እትዬ ፈተና ፈርተው ስንት ዓመት ሲያዘገዩት ኖረው አሁን ነው የቆረጡት። «ከዓርብ በፊት ንገራት» ብለውኝ ጋሽ ደምሴ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ።

የሠራኋቸውን ተንኮሎች ቆጠርኩ። የእህቴን የስልክ ቋንቋ ወደ ቻይንኛ መቀየር። የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ የማናጀሬን መኪና አንድ ፎቅ ዝቅ አድርጎ አቁሞ «ተሰረቀ መሰለኝ» ማለት። ሁሉም መጨረሻ ላይ ሰው ይስቅባቸዋል። ይሄኛው ላይ ማን እንደሚስቅ አላወቅኩም።

ረቡዕ

ልነግራቸው ገባሁ። እውነቴን ነው፣ በር ላይ ቃሉን ሁሉ ተለማምጄ ነበር።

እሳቸው ቀደሙኝ። ካርዶቹን አልጋው ላይ ደርድረው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርገዋል፤ ባሪያዎችን ነጻ ያወጣውን ፕሬዚዳንትና የወፍጮ ማዶውን ባለወፍጮ። ባለፈው ሳምንት እኔው ነኝ ፎቶዎቹን የሰጠኋቸው፣ «ጢም ያለው ሁሉ ትልቅ ሥራ ሠርቷል ብለው ይያዙት» እያልኩ። ቀልድ መሆኑ ነው።

«አንተ ቀልማዳ፣ ና ቁጭ በል» አሉኝ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ ቀልማዳ ነው የሚሉኝ። «እዚያ መንደር ልጆቹ የት ሄዱ?»

ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ የለም፤ ሌላ የት ይሄዳሉ ብዬ ነው።

«እናቶቻቸውስ?»

«እዚያው ናቸው መሰለኝ።»

የሰማንያ አራቱን ካርድ በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «እኔ ይህን አገር ክፉ እለው ነበር» አሉ። «ትልልቁን ብቻ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሰማንያ አራት ሰው ያላትን መንደር ሳይረሳ፣ ወደ አገሩ የሚገባውን ሰው ሁሉ ስለሷ ይጠይቃል ማለት ግን… ለካ ሰው ይቆጥራሉ።»

ለዚህ መልስ አልተለማመድኩም። ሻይ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ጠጥቼ፣ ወጣሁ።

ሐሙስ

ደብል ሺፍት ነበረኝ። ከሥራ፣ ከአሌክሳንድሪያው ፓርኪንግ እስክመለስ እትዬ ተኝተዋል። ነገ እኔ ነኝ የምወስዳቸው፤ መኪና ውስጥ እነግራቸዋለሁ። በእማዬ።

ዓርብ

አልነገርኳቸውም።

ነጭ ጃኬታቸውን ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል፣ ፋይሉን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ቤልትዌዩ፣ የከተማው ዙሪያ አውራ ጎዳና፣ ተዘጋግቷል። ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ስለ መንደሯ ባይጠይቁዎትስ?» አልኳቸው።

«ይጠይቁኛል፤ በደንብ የማውቃት እሷን ነው» አሉ በኩራት። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። እንደዚያ ያለ ፈሪ ነኝ።

ከውስጥ ሲወጡ መውደቃቸውን ገና ከሩቅ አወቅኩ። አምስት መልሰዋል። አምስት! አንድ ነው የቀረው። ወረቀት ሰጥተዋቸዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ አንዴ ብቻ ደግመው ይፈትኗቸዋል፣ ያኔ ከወደቁ አፕሊኬሽኑ ይዘጋል።

እንዴት እንደነበር በመንገድ ነገሩኝ። ኦፊሰሯ ጥሩ ሴት ናት፣ አትቸኩልም። የጢማሙን ፕሬዚዳንት ስም ጠርታ፣ የሠራውን አንድ ነገር ንገሪኝ አለቻቸው። ጢሙ መጣላቸው። «ወንዝ ዳር ወፍጮ ተከለ» አሉ። አስተርጓሚው መልሶ ጠየቃቸው። «ሁለቴ ተቃጠለበት» ብለው ጨመሩ።

ሌላ ጊዜ ይህን ቢነግሩኝ መኪናውን አቁሜ በሳቅ መሬት ላይ እንከባለል ነበር።

ቅዳሜ

ምድር ቤት ላውንድሪ ክፍል አገኘኋቸው። አንሶላ እያጠፉ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ከስምረት ጋር ያወራሉ። ልመለስ ነበር፣ ግን ቅርጫት ይዤ አይተውኛል።

«አልቻልኩም ልጄ። አርጅቻለሁ። ልጁ እንዴት አድርጎ አስጠንቶኝ ነበር መሰለሽ፣ ጭንቅላቴ ነው አልይዝ ያለው።»

ስምረት ታጽናናቸዋለች። እሳቸው ይቅርታ ይጠይቋታል። ይቅርታ!

ስልኩ ሲዘጋ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩና ሁሉንም ተናገርኩ። በአንድ ትንፋሽ፣ ጎማውን፣ ሰሌዳውን፣ ስምንቱን ካርድ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ አንሶላው ላይ ያለውን አበባ ነው ያየሁት።

«መንደሯ ውሸት ናት?» አሉኝ።

«መንደሯ እውነት ናት እትዬ። ጥያቄው ነው ውሸቱ።»

«መንግሥት አይጠይቅም ማለት ነው?»

«አይጠይቅም።»

አንሶላውን ከእጄ ወስደው ብቻቸውን አጠፉት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲሰድቡኝ ፈለግኩ።

«እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ቅርጫቱን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «ለስምረት አንተ ንገራት» ብለው ቁጥሯን በቃላቸው ነገሩኝ። አንድም አልተሳሳቱም።

እሁድ

ደወልኩ። ስምረት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «ልጆቼ መንደሯን ያውቋታል። እማዬ በስልክ ነግራቸዋለች። ትንሹ ልጄ ስንመጣ ወፍጮ ማዶ ነው የምንሄደው ይላል። አሁን ምን ልበለው?»

እውነት ናት፣ ቦታዋ አለች፣ እወስዳቸዋለሁ አልኩ። «መጀመሪያ እናቴን አሳልፍልኝ» ብላ ዘጋች።

ከሰዓት ሃያውን ካርድ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ጋሽ ደምሴ ጋ ወስጄ አንድ በአንድ አሳየሁ። አንብበው፣ ሁለት ቦታ አርመው መለሱልኝ።

እትዬ በር ከፈቱልኝ። ስምንቱን ካርድ በላስቲክ አስረው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር። «ያንተ ናቸው» አሉ። ተቀበልኩ። ካርዶቹ ጠርዛቸው ሁሉ በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ የሰማንያ አራቱ ከሁሉም ይልቅ።

ሃያውን አስጠናኋቸው። አስራ አራት መለሱ። ጢማሙ ፕሬዚዳንት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ባሪያዎችን ነጻ አወጣ» አሉ። ጎበዝ አልኳቸው። ፈገግ አላሉም። ሁለት ወር አለን፣ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ አልኩ። እሺ አሉ።

ስወጣ በሩን ይዘው፣ «አመሰግናለሁ፣ ቢኒያም» አሉኝ።

ቢኒያም። ስሜን ያውቁት ነበር ለካ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። በሩ ተመልሶ ተከፍቶ «አንተ ቀልማዳ» የሚሉኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ልቆይ ነው።