መብራት ሲመለስ የሚመጣው

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ቤት ያሉትስ ደኅና ናቸው? እኔ ድካም ከሚሉት በቀር አለሁ።

ሥራ መልቀቄ እውነት እንደሆነ በስልክ ጠይቀኸኝ ወሬ ቀየርኩብህ። እውነት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ደራሽ ውሃ ገንፍሎ ዕቃ የሚያቃጥለውን ኃይል የሚመክት መከላከያ ስሠራ ዕድሜዬ እንዳለቀ ታውቃለህ። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ልጄ ሽቦ አግብታ ቀረች ትል ነበር።

መከላከያው አንድ ጉድለት ነበረው። ደጋግሞ ሲመታ ውስጡ ያልቃል፤ ከውጭ ግን ደኅና ይመስላል። ሰው ያለቀውን አምኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ሲያልቅ ቀይ መብራት እንዲያበራ አድርጌ እንደ አዲስ ሠራሁት። ሥራ አስኪያጃችን አልወደደውም። ቀይ ያየ ሁሉ ዕቃችሁ ተበላሸ እያለ ይመልስብናል፣ አውጪው አለኝ። አላወጣም አልኩ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እንግዲያው አንቺው ውጪ» አለኝ። ጠረጴዛዬን ጠርጌ ወጣሁ።

ከመውጣቴ በፊት ግን ለሙከራ የሠራኋቸውን ለአንድ ሆስፒታል ሰጥቼ ነበር። ጨቅላ ሕፃናት የሚሞቁበት ክፍል ውስጥ ተገጠሙ። በቀደም መብራት ሄዶ ሲመለስ የጎረቤቱ ክፍል ማቀዝቀዣ ተቃጠለ፤ የሕፃናቱን ማሞቂያ ግን አልነካውም። ግድግዳው ላይ ቀዩ በራ። ዋናዋ ነርስ አይታ ወዲያው አስቀየረችው። ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ዳግመኛ መጣ፤ አዲሱ ቻለው።

«ያ ቀይ መብራት ባይኖር፣ ዛሬ የማወራሽ ሌላ ወሬ ነበር» አለችኝ፣ እጄን ይዛ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ለካ እስከዚያ ድረስ ጭንቀቱን ተሸክሜው ኖሬያለሁ።

ሥራ አስኪያጁም ሰምቶ ትናንት አበባ ይዞ መጣ። ቀዩ መብራት ይግባ፣ አንቺም ተመለሺ አለኝ። አበባውን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ሲቆም አሳዘነኝ። ከዚህ ወዲያ ወጣቶቹ ይሥሩት።

ለጎረቤቶቼ ሆስፒታል የተገጠመውን ዕቃ ለማየት ሄጃለሁ ብያቸዋለሁ፤ አንተም ከጠየቁህ እንደዚያው በል። ክፍሌ ፎቅ ላይ ነው፣ ነፋስ ያገኛል። ደብዳቤ ልጽፍ ነው ብላቸው ነርሶቹ የጉሉኮሱን መርፌ ወደ ግራ እጄ አዛወሩልኝ። ደጎች ናቸው።

የልጅህን ሠርግ ለክረምቱ መውጫ አድርገነዋል ብለሃል። እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ከተቻለ ቀደም ብታደርጉት ደስ ይለኛል።

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥህ፤ ቤትህን ሰላም አያሳጣው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ