ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ

ቆቦ፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.
ይድረስ ለእታለም ዘሀራ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም። ባለሽበት የአላህ ጥበቃ አይለይሽ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ሸጋ ነው። እኔም ከሮቢት ገበያ ጀንበር ሳትጠልቅ መመለስ ጀምሬያለሁ።

ታናሻችንን ሩቂያን ከኮሌጁ የመለሳትን ሬጅስትራር አልረሳሽውም። መቼም ዓይኗ አያይምና፣ ኮምፒውተሩ የመመዝገቢያውን ድረ ገጽ በድምፅ ሲያነብላት፣ ቁልፎቹ ስም ስላልተሰጣቸው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ ይላት ነበር። የትኛውን ልጫን ብትለው፣ «ዓይን ያለው ሰው ይዘሽ ነይ» አላት። ያን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ቋጥሬ ያዝሁት።

ዘንድሮ ድረ ገጽ እንደምሠራ ሰምቶ ገጹን እንዳድስለት ራሱ ጠራኝ። ሥራውን ሳስረክበው «ሳልፈትሽ አልረከብም» አለ። «ከአሮጌው እንጀምር» ብዬ ዓይኑን ትከሻዬ ላይ ጣል ባደረግሁት ሽርጥ አሰርሁና ራሱን እንዲመዘግብ አደረግሁት። ጸሐፊዎቹ እያዩት ሦስቴ ሞከረ፤ ሦስቴም የተጫነው የመሰረዣውን ነበር። ላቡ ሲንቆረቆር፣ «አቶ ደርበው፣ ዓይን ያለው ሰው ይዘው ይምጡ» አልሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በአዲሱ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ስሙን ይናገራል። ሩቂያም በገዛ ጣቷ ተመዘገበች። ስክሪኑን አጥፍቼ በጆሮዬ ብቻ እንደሠራሁት፣ ለካ እንደሚለመድም ስነግራት፣ «ያንተስ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። ወሬውን ወደ ማሽላው መለስሁት።

ጽሕፈቴ ከገዘፈብሽ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ፎቶ መላኩ ይቅርብሽ፤ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
ወንድምሽ ሙህሲን