ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጉ የኖሩት ወይዘሮ አርሊና ሳይዝሞር

ወይዘሮ አርሊና ሳይዝሞር በምሥራቅ ኬንተኪ ተራሮች መካከል፣ በአንድ የከሰል ቆፋሪዎች ሸለቆ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሆባርት ኔፒየርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዜላ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አራተኛ ልጅ አርግዘው ነበር። በስምንተኛው ወር ፊታቸውና እጃቸው አበጠ፤ ራስ ምታትም ጀመራቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋደም በዪ፣ ይተውሻል» አላቸው። አራት ቀን ጋደም አሉ። በአምስተኛው ቀን አርሊናን ጠርተው ቤቱ ጨልሞብኛልና መጋረጃውን ክፈቺልኝ አሏቸው፤ መጋረጃው ግን ከጧት ጀምሮ ክፍት ነበር። ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጣቸውና ሐኪም ሳያያቸው ከነጽንሳቸው ዐረፉ። ወይዘሮ አርሊና ይህንን በሕይወታቸው ለሰው የተናገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን «ራሴን አመመኝ» የምትል እርጉዝ ባለችበት ቤት ተረጋግተው ተቀምጠው አያውቁም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1959 ዓ.ም. አጠናቀው ሌክሲንግተን ከተማ ነርስነት ተማሩና በ1962 ተመረቁ። ከተማው ሥራ ቢሰጣቸውም ትተው ወደ ተራራቸው ተመለሱ፤ በወረዳው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍልም ተቀጥረው አርባ አንድ ዓመት አገለገሉ።

በ1964 ዓ.ም. ከከሰል መኪና ሾፌሩ ከአቶ ዴንቨር ሳይዝሞር ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሦስት ጽንስ ተጨናገፈባቸው። የሌላውን ልጅ አቅፈው ለእናቱ እያስታቀፉ የራሳቸውን ሐዘን በነጭ ጋውናቸው ውስጥ ደብቀው ከረሙ። በ1971 ልጃቸው ኖላ በተረገዘች ጊዜ ሆዳቸው ላይ እጃቸውን ጭነው እርግጫዋን ሳይቆጥሩ ከአልጋ የወረዱበት ጧት አልነበረም። ባላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ «አርሊና፣ ልጁም እኮ ይተኛል! አንቺ ባትተኚም እሱን ተይው» ይሏቸው ነበር። ኖላ በደህና ተወለደች፤ ከእርሷም ሌላ አልወለዱም።

በሆስፒታሉ ወረፋ ይዛ የመጣችን ሴት መርምሮ መሸኘት ለእርሳቸው የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። የሚያስጨንቃቸው የቀረችው ነበረች። በክትትል ቀኗ ያልመጣችን ሴት ስም በወረቀት ቀድተው፣ የደም ግፊት መለኪያቸውን ይዘው፣ ከሥራ ሲወጡ እቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። በየበሩ ሁሉም ደስ ብሎት አልተቀበላቸውም። «እኛ ስንትና ስንት ስንወልድ ማን ክንዳችንን አስሮ ለካን?» ላሏቸው አንዲት አማት፣ «እርስዎማ እዚህ ቆመው ይጠይቁኛል፤ እኔ የምጠይቀው በወሊድ ሞተው መልስ መስጠት ስላልቻሉት ነው» ብለው መልሰዋል። ነርሶቹም «ወይዘሮ ስጋት» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ሰምተው ይስቃሉ እንጂ ቅር አይላቸውም።

በ1978 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ በረዶው መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ሳምንት ትሬሲ ካውች የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የስምንት ወር እርጉዝ፣ ከቀጠሮዋ ቀረች። ሰዉ ሁሉ በረዶው ነው አለ። ወይዘሮ አርሊና ግን ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ባላቸው በመኪናው ጎማ ላይ ሰንሰለት አስረው ወሰዷቸው፤ በረዶው መኪና የማያሳልፍ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ወርደው በእግራቸው ተሻገሩ። ትሬሲ እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። «ደህና ነኝ እትዬ አርሊና፣ ጭንቅላቴን ብቻ ነው» አለቻቸው። ግፊቷን ለኩ፤ አላመኑም፤ በሌላው ክንዷ ደግመው ለኩ። የላይኛው ቁጥር አንድ መቶ ሰባ ስምንት ነበር፤ ይህም አደገኛ ነው።

ከጎረቤት ቤት ወደ ተረኛው ሐኪም ደወሉ። ሐኪሙ መንገዱን ፈርቶ «እዚያው ትደርና ነገ አምጧት» አለ።

ወይዘሮ አርሊና የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ዶክተር፣ እሷ ነገ የላትም። እኔ ይዣት መጣሁ፤ እርስዎ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ያሙቁልኝ» ብለው ዘጉ።

የትሬሲ ባልና አቶ ዴንቨር በብርድ ልብስ ተሸክመው ድልድዩን አሻገሯት። በመኪናው ግማሽ መንገድ ሲሄዱ አንቀጠቀጣት። ወይዘሮ አርሊና በጎኗ አስተኝተው፣ አንገቷን ደግፈው ትንፋሿን ሲያዳምጡ፣ አቶ ዴንቨር «ልፍጠን ወይስ ልቁም?» ብለው ጮኹ። «ንዳ! ብቻ ገደል አትክተተን!» አሏቸው። ያን ሃያ ደቂቃ አቶ ዴንቨር እስከ ዕለተ ሞታቸው ያወሩት ነበር። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ያው ሐኪም ጋውኑን ለብሶ በረዶ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ማንቀጥቀጡን የሚገታው መድኃኒት ተሰጥቷት በቀዶ ጥገና ወለደች። ልጁ ኪሎ ተኩል ይመዝን ነበር። ወይዘሮ አርሊና ሦስት ቀን ከአጠገቧ ሳይለዩ ቆዩ፤ ግፊቷ የወረደ ዕለት ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ገብተው፣ በር ዘግተው አለቀሱ። እናትና ልጅ ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ሁሉንም አላዳኑም። በ1986 ዊልማ ሆስኪንስ የምትባል ሴት ከወለደች በኋላ ደም ፈስሷት ሞተች። ያን ቀን ወይዘሮ አርሊና ፈቃድ ላይ ነበሩ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እርሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር ሳይሉ ኖሩ፤ ያለ እናት ለቀሩት ሁለት ልጆቿም እስኪያድጉ ድረስ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጫማ ይገዙላቸው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በ2006 ማዋለጃ ክፍሉ የወላድ ቁጥር አንሷል ተብሎ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የቅርቡ ሆስፒታል ተራራ አቋርጦ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሆነ። ስለ መዘጋቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ወላዶቹ አንሰዋል እንጂ አላለቁም፤ የቀሩት የት ይውለዱ፣ መንገድ ላይ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ከቤተ ክርስቲያናቸው መኪና ያላቸውን አሥራ አንድ ሴቶች አሰባሰቡ። እርጉዝ ሴቶችን ለክትትል የሚወስድ፣ ምጥ ሲመጣ የሚያደርስ፣ ከወለዱም በኋላ እስከ አርባኛው ቀን ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ስልክ የእርሳቸው የቤት ስልክ ነበር። አቶ ዴንቨር በ2011 ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ያሞቀላቸው ይኸው ስልክ ነው።

በ2018 መገባደጃ የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሊጠይቋቸው የሚመጡ ሁሉ ስለ ሕመማቸው ሲያነሡ፣ እርሳቸው ተራው የማን እንደሆነ፣ የማን መኪና ጎማው እንዳለቀ ይጠይቁ ነበር። ጃንዋሪ 13 ቀን 2019 ዓ.ም. ጧት አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ደወለች፤ ተረኛዋ ኖላ ነበረች። ኖላ ከእናቷ አልጋ መነሣት አቃታት። እናቷም «ሂጂ እንጂ! እኔ የትም አልሄድም፤ ያቺ ግን አትጠብቅሽም» አሏት። ሄደች። ሲመሽ ተመልሳ ሴት ልጅ መወለዷን ነገረቻቸው።

«ልጅቷ አለቀሰች?»

«ጮኸች እንጂ!»

«እናትየዋስ? ደሟ?»

«ቆሟል እማዬ። ሾርባ ስትጠጣ ነው ትቻት የመጣሁት።»

ወይዘሮ አርሊና በማግሥቱ ጃንዋሪ 14 ቀን ጧት፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ኖላ እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ።

ወይዘሮ አርሊና ልጃቸውን ኖላን፣ አማቻቸውን ሮይስ ሊንቪልን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ፈርንን ትተው ሄደዋል። ተረኛዋ ሾፌር ሁለት ሰው፣ አንዲት ነፍሰ ጡርን ከነጽንሷ፣ ይዛ ወጥታ ስለነበር በዚህ ቀብር ላይ አልተገኘችም፤ ቤተሰቡ ይቅርታ አድርጎላታል።

ለሰው ሕይወት ስትሰጋ የኖረችውን ነፍሳቸውን ቸሩ ጌታ ስጋት በሌለበት ቤቱ ይቀበልልን።

ቤተሰባቸው