ተናጋሪ ቁጥር 417 አባቴ ናቸው

ለተከበሩ ዶክተር ታዲዮስ
የ«ድምፅና ደመና» የዜጎች ሳይንስ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎ፣ ከነኮምፒውተሮችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከጓሳ ሥር ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱን እንኳ አንድ ሌሊት አድረው በማግሥቱ ስለተሰናበቱን ያውቁታል። የጤናዎን ነገር አብዝቼ የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ እርስዎ ታመው ሥራው ለሌላ ሰው ቢተላለፍ ይህን ሁሉ እንደገና ከ«ሀ» ልጀምር ነው፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።

በዕውቀቱ ወዳጆ እባላለሁ። ስሜ እንዲህ ይክበድ እንጂ ትምህርቴ ከዘጠነኛ ክፍል አልዘለለም። መንደሩ የሚያውቀኝ በተንኮሌ ነውና እዚህ ውስጥ ቀልድ ቢያገኙ የቆየ ልማድ ነው ብለው ይለፉት። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት፣ ለእርስዎ ብቻ የጻፍኳቸው አራቱ ሰሚ ስላጡ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ከአምስት ዓመት በፊት ግቢያችን ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተክላችሁ፣ ለአባቴ ለአቶ ወዳጆ ስልክ ሰጥታችሁ፣ «አባት፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ሳይንቲስት ነዎት» ብላችኋቸዋል። አባቴ ፊደል ባይቆጥሩም የመለኪያውን መስመር አሳምረው ይቆጥሩ ስለነበር፣ ውጤቱን በየማለዳው በድምፅ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው፤ ድምፁም ለቋንቋ ክፍላችሁ ይጠቅማል ተባለ። ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ማለዳ ሳያጓድሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመለኪያው አጠገብ ቆመው እንደ አዋጅ ነጋሪ ይናገሩ ነበር፤ ዝናቡን፣ ውርጩን፣ የገብሱን ነገር፣ ማን እንደወለደች፣ የማን በግ እንደጠፋ። «አባዬ፣ ሰዎቹ የጠየቁት እኮ ዝናቡን ነው» ስላቸው፣ «ታዲያ ዝናብ ብቻውን ምን ይነግራቸዋል?» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ከእናንተ የተላከ ወጣት መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለን በኋላ ስልኩንና መለኪያውን በፊርማ ተረክቦ ሄደ። ስለ ማጽናናቱ እናመሰግናለን፤ ስለ ርክክቡ ፍጥነትም። እናቴ ወይዘሮ አዛለች በአውራ ጣቷ ፈረመችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ድምፅ መስማት።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ አይነበብም ብለውኛል።

፩. የመጀመሪያው ጥፋት የኛው ነው። ስልኩን ስንመልስ አንዲት ቃል እንኳ ቀድተን አላስቀረንም። እናንተ መለኪያውን በተከላችሁ ጊዜ በጠራችሁት ስብሰባ ላይ «መረጃው ተጠብቆ ይቆይና በመጨረሻ ለሁሉም ይለቀቃል» ብላችኋል፤ ይህ ደግሞ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፤ በመሀል ሣር አጭዶ የሚደብቅ ሰው ቢገኝ የሚገጥመውን እሱ ያውቀዋል፤ ቀኑ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ይነገርና ባለድርሻው ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይወጣል። የአባቴም ግንዛቤ ይኸው ነበር። በሕይወት ሳሉ «ድምፅዎን በኔ ስልክ ላስቀርልዎ» ብላቸው፣ «አንተ ቀልማዳ፣ በተዘጋ ሣር ማጭድ ልታስገባ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ከሞቱም በኋላ ቃላቸውን አከበርን። እናቴ ዓመቱን ሙሉ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ዛሬም አልተነገረም» ትላለች። ቄሰ ገበዙን እንኳ ሁለት ጊዜ ጠይቃቸው፣ «ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መልእክት የለም ልጄ» ብለዋታል።

ለካስ ከስምንት ወር በፊት ተለቆ ኖሯል፤ በእንግሊዝኛ፣ በድረ ገጽ። ስለ አዋጁ ምስጋናችን ይድረስዎ።

፪. ይህን እንደሰማሁ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄጄ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ከላይ «ለሁሉም ክፍት» ይላል፤ ዝቅ ሲሉ የተቋም ኢሜይል፣ የአማካሪ መምህር ስምና የጥናት ዓላማ ይጠይቃል። ተቋሜን «ቤታችን»፣ አማካሪዬን «እናቴ»፣ ዓላማዬን «አባቴን መስማት» ብዬ ሞላሁ። በሁለት ሳምንቱ «ዓላማዎ ሳይንሳዊነት ይጎድለዋል» የሚል መልስ መጣ። ለእናቴ ስነግራት «ምኑ ነው የጎደለው?» አለችኝ፤ እርስዎ ቢያውቁት በዚሁ አጋጣሚ ቢነግሩኝ።

፫. ስልክ ደወልኩ። ጽናት የምትባል የቢሮዎ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣት፣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ለተናጋሪዎች ምስጢር ሲባል ስም ሁሉ ተሰርዞ አባቴ «ተናጋሪ ቁጥር 417፣ ወንድ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ፣ ገጠር» ሆነዋል። ድምፁ ለቤተሰብ እንዲሰጥ ደግሞ ተናጋሪው ራሱ በፊርማው መፍቀድ አለበት። «ሞተዋል እኮ» ስላት፣ «ቅጹ ላይ ሞት የሚሞላበት ቦታ የለም» አለችኝ። አባቴን ከገዛ ሚስታቸው ስለምትጠብቁልን እናመሰግናለን፤ አርባ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ማንም እንዲህ ተጨንቆ አልጠበቃቸውም። ቅጹን አሳትሜ መቃብራቸው ድረስ ወስጄዋለሁ፤ እስክሪብቶም ይዤ ነበር። እንደፈረሙ እልክልዎታለሁ።

፬. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። በ2015 ጥር ላይ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሰሐን ጥርት ባለበት ወቅት፣ በስኒ ውሃ ቀድቼ መለኪያው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባቴ ማለዳ ተነሥተው አዩትና ሳይደናገጡ፣ «ዛሬ ዐሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ውሃ ተገኝቷል፤ ሰማዩ ግን አያውቀውም፤ ልጄን ጠይቁት» ብለው ላኩ። እናንተ ዘንድ ቁጥሩ ወደ ዝናብ ክፍል፣ ንግግሩ ወደ ቋንቋ ክፍል ሄዶ ኖሮ፣ በታተመው ጥናታችሁ ላይ ስላልተጠበቀው የመንዝ የጥር ዝናብ አንድ ሙሉ ገጽ ከነሥዕሉ ወጥቷል። የሞላሌው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ሲተረጉሙልኝ መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ደመናው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ። ያን ቀን ከእናንተ ወገን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አባቴን አዳምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ አይጻፍም ነበር። ከሺህ የሚበልጥ ማለዳ ብርድ ላይ ቆመው የተናገሩትን ሰብስባችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ለጥፋችሁ፣ ቆልፋችሁ አስቀመጣችሁት እንጂ የሰማው የለም። ሊሰማው የሚፈልግ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ኢሜይል የላትም።

፭. አምስተኛ ነበረኝ፣ ደክሞኝ ተውኩት።

የምለምንዎ ሺሁን ማለዳ አይደለም። ሙት ዓመታቸው ኅዳር ዐሥራ ሦስት ነው፤ እስከዚያ የአንድ ቀን፣ የፈለጉትን ቀን፣ ዝናብ የሌለበትም ቢሆን ግድ የለም።

ለሳይንስ ያለዎት ፍቅር ሳይቀንስ፣ በጀትዎ ሳይታጠፍ፣ አገልጋይ ኮምፒውተርዎ ሳይጠፋብዎ ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድካም ጋር እሰናበታለሁ።

በዕውቀቱ ወዳጆ
ከጓሳ ሥር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላሳትም ስል መምህር ፍቅረ ሥላሴ የመዝጊያ ጉባኤያችሁን ቪዲዮ አገኙልኝ። ከሁለት ሰዓት ንግግር መሀል አባቴ ዘጠኝ ሰከንድ ይናገራሉ፤ «ዛሬ ዝናብ የለም፤ ውርጭ ወርዷል፤ አዛለችም…» ሲሉ እርስዎ ድምፁን ዘግተው «እንግዲህ የመረጃችንን ጥራት ሰማችሁ» ይላሉ፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ለእናቴ አሰማኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «መልሰው» አለችኝ፣ መለስኩት፤ «መልሰው» አለችኝ፣ መለስኩት፤ በሰባተኛው ላይ «ይሄ ሰውዬ ምን አጣደፈው?» አለች። ክቡር ዶክተር፣ ሙሉውን መላክ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ ከ«አዛለችም» ቀጥሎ ያለውን ብቻ ይላኩላት።